ቁልፉ ማን ጋ ነው?

በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ከርዕሰ መምህሩ ቀጥሎ ከፍተኛ ሥልጣን ያለው ማነው? ምክትሉ እንዳትሉኝ፡፡ ዩኒት ሊደሩም አይደለም፡፡ የተማሪዎችን ሽንት ቤት ቁልፍ የያዘው ሰው ነው! ምክትሉ ቢቀር አንድ ፊርማ ይዘገያል፡፡ ባለ ቁልፉ ሻይ ሊጠጣ ከወጣ ግን ስንት መቶ ልጅ ሆዱን ጨብጦ ይጠብቃል፡፡ ይህ ቀልድ ከመሰላችሁ አሁኑኑ ሳቁና ጨርሱ፤ ከዚህ በታች ያለው ብዙም አያስቅም፡፡

ዛሬ የምጽፈው ስለ ሰገራ ነው፡፡ አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል፡፡ በትምህርት ሰዓት ሰገራው ስለሚያመልጠው ልጅ፣ ያንን ልጅ እንደ ሕመምተኛ ሳይሆን እንደ ጥፋተኛ ስለሚያየው ትምህርት ቤትም ጭምር፡፡ ‹‹ምነው፣ ሌላ ርዕስ ጠፋ?›› የምትሉ ትኖራላችሁ፡፡ አልጠፋም፡፡ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ታክሲ ሰልፍ፣ ስለ አርሰናልና ማንቼ የሚጽፍ ሞልቷል፡፡ ለዚህ ልጅ ግን ብዕሩን የሚያነሳ አላየሁም፡፡ እሱ ራሱ ደግሞ አይናገርም፤ አፍሮ ቁጭ ብሏል፡፡

እስቲ ከቋንቋችን እንጀምር፡፡ አማርኛ ለዚህ ጉዳይ መሸፋፈኛ አያጣም፡፡ ጨዋ ሰው ‹‹ወገቤን ልሞክር›› ይላል፤ ‹‹ውጭ ደርሼ ልምጣ›› ይላል፤ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ደግሞ ‹‹ዓይነ ምድር›› ይላል፡፡ ጥሩ ነው፤ ጨዋነት አይጠላም፡፡ ነገር ግን ያው አማርኛ መሸፋፈኑን የተወ ዕለት ቀጥታ የሚሄደው ወደ ስድብ ነው፡፡ ፈሪን ‹‹ቅዘናም›› እንለዋለን፡፡ የተናቀውን ‹‹ፈሳም›› እንለዋለን፡፡ ‹‹ፈስ ያለበት ዝላይ አይችልም›› ብለን እንተርታለን፡፡ እንግዲህ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አንጀቱ ሲታመም ከኛ የወረሰው ሁለት ነገር ነው፤ ወይ መደበቂያ ወይ መሰደቢያ፡፡ ‹‹አሞኛል›› የሚለውን ሦስተኛውን መንገድ ያስተማረው የለም፡፡

እያንዳንዳችሁ ደግሞ ይህንን ልጅ ታውቁታላችሁ፡፡ አንደኛ ደረጃ እያላችሁ በክፍላችሁ ውስጥ ‹‹ይሸታል›› ተብሎ ዴስክ የሚሸሽበት ልጅ አልነበረም? ስሙን ባታስታውሱ እንኳን ቅጽል ስሙን ታስታውሳላችሁ፡፡ እኔም አስታውሳለሁ፤ ግን እዚህ አልጽፈውም፡፡ ያ ልጅ ምናልባት ዛሬ ባንክ ቤት ይሠራ ይሆናል፤ ቅጽል ስሙን ግን እንደማይረሳው እወራረዳለሁ፡፡

አሁን ወደ ሳይንሱ፡፡ ልጁ ሰነፍ ነው፣ ቆሻሻ ነው፣ ሆን ብሎ ነው ለምትሉ ሁሉ ይህቺን አንቀጽ በጥሞና አንብቡልኝ፡፡ የትልቁ አንጀታችን አንዱ ሥራ ከሰገራ ውስጥ ውሃ መምጠጥ ነው፡፡ ልጅ ሰገራውን ሲይዝ አንጀቱ ውሃውን መምጠጡን አያቆምም፤ ስለዚህ ሰገራው እየደረቀ፣ እየጠጠረ፣ እየተለቀ ይሄዳል፡፡ በማግስቱ ሲሞክር ያመዋል፡፡ ያመመውን ነገር ማን ይደግመዋል? በሚቀጥለው ጊዜ አጥብቆ ይይዘዋል፡፡ እንዲህ እያለ ሳምንት ሲያልፍ፣ ወር ሲያልፍ፣ የአንጀቱ መጨረሻ እንደተነፋ ፊኛ ይለጠጣል፡፡ የተለጠጠ አንጀት ደግሞ ‹‹ሞልቻለሁ፣ ውጣ›› የሚለውን መልእክት በወጉ ማድረስ ያቆማል፡፡

ከዚያስ? ከዚያማ ከላይ የሚመጣው ለስላሳ ሰገራ በጠጠረው ዙሪያ መንገድ እየፈለገ ሾልኮ ይወርዳል፡፡ ልጁ አልገፋውም፤ አልተሰማውምም፡፡ የሚያውቀው ፓንቱ ሲርስ ነው፡፡ አንዳንዴም የሚያውቀው ጓደኛው አፍንጫውን ሲይዝ ነው፤ ምክንያቱም ሁልጊዜ አብሮን ያለን ሽታ አፍንጫችን ይለምደዋል፡፡ ‹‹እንዴት አይሸተውም?›› እያላችሁ የምትፈርዱበት ልጅ በእርግጥም አይሸተውም! ሐኪሞች ይህንን ኢንኮፕሬሲስ ይሉታል፡፡ ከአራት ዓመት በላይ የሆኑ ልጆች ላይ የሚታይ፣ ከሴቶች ይልቅ ወንዶች ላይ የሚበዛ፣ አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ተራ የሆድ ድርቀት የሆነ፣ የሚታከም ችግር ነው፡፡ ወላጅ ግን ከፓንቱ ላይ ፈሳሽ ስለሚያይ ተቅማጥ ይመስለውና የተቅማጥ መድኃኒት ፍለጋ ፋርማሲ ይሮጣል፡፡ ጉድ እኮ ነው፤ ሆዱ የደረቀበትን ልጅ ሆዱን ልናደርቅለት!

ልብ በሉ፡፡ ነገሩ ሁሉ የተጀመረው ‹‹ልጅ ሰገራውን ሲይዝ›› ከሚለው ነው፡፡ ለምን ያዘ? አንዳንዱ አንዴ ስላመመው፡፡ አንዳንዱ ጨዋታ ስለበለጠበት፡፡ ብዙ ልጅ ግን የሚይዘው ትምህርት ቤት ስለሆነ ነው፡፡ እዚህ ላይ ነው ጠቤ፡፡ ትምህርት ቤቶቻችን ይህንን ልጅ ሲቀጡት ሕመምተኛ መቅጣታቸው ብቻ አይደለም የሚገርመኝ፤ ራሳቸው ባባባሱት ሕመም መቅጣታቸው ነው፡፡

አንድ ቀላል ስሌት እንሥራ፡፡ ለምሳሌ 600 ተማሪና 6 የሽንት ቤት ክፍል ያለው ትምህርት ቤት አስቡ፡፡ ረፍት 20 ደቂቃ ነው እንበል፡፡ ለአንድ ክፍል 100 ልጅ ደረሰ፡፡ 20 ደቂቃ 1200 ሰከንድ ነው፤ ለ100 ሲካፈል ለእያንዳንዱ ልጅ 12 ሰከንድ ይደርሰዋል፡፡ አሥራ ሁለት! ቀበቶ ለመፍታትም አይበቃም፡፡ አንዱ ክፍል ተበላሽቶ በቆርቆሮ ከተመታ፣ ሁለተኛው ‹‹የመምህራን ብቻ›› ከተባለ፣ ስሌቱን እናንተ ጨርሱት፡፡

እንግዲህ ያ ልጅ በረፍት ወረፋው አልደረሰውም፡፡ ተደወለ፡፡ ክፍል ገባ፡፡ አሥር ደቂቃ ቆይቶ እጁን አወጣ፤ ‹‹ቲቸር፣ ሽንት ቤት?›› መልሱን ሁላችሁም በቃል ታውቁታላችሁ፤ ‹‹አሁን ከረፍት ተመለስክ አይደል? ሲደወል ትሄዳለህ!›› ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፡፡ የሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ደግሞ ሌላ 40 ደቂቃ፡፡ አንጀት ግን ደውል አያውቅም፡፡

ቢፈቀድለትስ? ሮጦ ይሄዳል፡፡ በሩ ተቆልፏል፡፡ ቁልፉ የጽዳት ሠራተኛዋ ጋ ነው፤ እሷ ደግሞ ቢሮ እየጠረገች ነው፡፡ ወይም በሩ ክፍት ነው፤ ግን መቀርቀሪያ የለውም፤ አንድ እጅ በሩን ይዞ መቀመጥ ነው፡፡ ውሃ የለም፡፡ ሶፍት ከቤት ካልመጣ የለም፡፡ ወለሉ ላይ ያለውን አልነግራችሁም፤ ምሳ በልታችሁ ይሆናል፡፡ ታዲያ ብልህ ልጅ ምን ያደርጋል? ሽንት ቤት የማያስኬደውን ዘዴ ይፈልጋል፤ ውሃ አይጠጣም፡፡ በምሳ ዕቃው አጠገብ የተቋጠረለትን ኮዳ እንደሞላ ይዞት ይመለሳል፡፡ እናቱ ‹‹ምነው ውሃህን አልጠጣህም?›› ስትለው ‹‹አልጠማኝም›› ይላል፡፡ ውሃ ያልጠጣ ልጅ ሆዱ ይበልጥ ይደርቃል፡፡ ነጭ ዳቦ፣ ፓስታና ብስኩት የሞላበት ምሳ ዕቃ ደግሞ ለድርቀቱ ምርቃት ይሆናል፡፡

ሌላ አስገራሚ ነገር ልጨምር፡፡ ሰው ምግብ ሲበላ ሆዱ ለትልቁ አንጀት ‹‹ቦታ ልቀቅ›› የሚል መልእክት ይልካል፡፡ ከምግብ በኋላ ባሉት ከ15 እስከ 30 ደቂቃዎች አንጀት ከሌላው ጊዜ ይልቅ ይንቀሳቀሳል፡፡ ጠዋት ደግሞ ይበልጥ፡፡ የሕፃናት ሐኪሞች የሆድ ድርቀት ላለበት ልጅ ‹‹ከቁርስና ከምሳ በኋላ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይቀመጥ›› የሚሉት ለዚህ ነው፡፡ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለልጆች ቁርስና ምሳ ማብላት የተጀመረው ምስጋና የሚገባው ሥራ ነው፤ በባዶ ሆድ ‹‹ሀ›› እና ‹‹ለ›› እንደማይገባ ሁላችንም እናውቃለን፡፡ ግን አስቡት፤ ልጆቹን አበላናቸው፤ ከዚያ አንጀታቸው ሥራ በሚጀምርበት በዚያች ደቂቃ ላይ ሰልፍ አስይዘን ክፍል አስገብተን ‹‹ማንም እንዳይወጣ!›› አልናቸው፡፡ ማብላቱን ያቀደ ሰው ከአፍ በታች ያለውን ረሳው ማለት ነው?

እስካሁን ያወራሁት ስለ ተራው ድርቀት ነው፡፡ ከዚህ የከበደ ሸክም ይዘው ትምህርት ቤት የሚመጡ ልጆችም አሉ፡፡ የአንጀታቸው መጨረሻ የሚያንቀሳቅሱት የነርቭ ሕዋሳት ሳይኖሩት የተወለዱ አሉ፤ የዴንማርኩ የሕፃናት ሐኪም ሃራልድ ሂርሽስፕሩንግ እ.ኤ.አ. በ1886 ስለገለጸው በሽታው በስሙ ይጠራል፡፡ ከ5000 ሕፃናት ገደማ በአንዱ ላይ ይታያል፡፡ የፊንጢጣ ቀዳዳ ሳይኖራቸው የሚወለዱም በተመሳሳይ ቁጥር አሉ፡፡ ከ5000 አንድ ማለት ትንሽ ይመስላል፤ በዓመት በሚሊዮን የሚቆጠር ሕፃን በሚወለድባት አገር ግን ትንሽ አይደለም፡፡ ስፓይና ቢፊዳ ይዞ የሚወለድ ልጅም አለ፤ የአከርካሪው ነርቭ ስለተጎዳ ሽንቱንም ሰገራውንም መቆጣጠር ይቸግረዋል፡፡

እነዚህ ልጆች እንደ ጥቁር አንበሳ ባሉ ሆስፒታሎች ቀዶ ጥገና ይደረግላቸዋል፡፡ ብዙዎቹ በሕፃንነታቸው ሆዳቸው ላይ መውጫ ተከፍቶላቸው፣ ወራት ጠብቀው፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ቀዶ ጥገና አልፈው ነው የሚያድጉት፡፡ እናት ከክፍለ ሀገር መጥታ፣ ሆስፒታል ደጅ ከርማ፣ ያላትን ሸጣ ያተረፈችው ልጅ ማለት ነው፡፡ ከቀዶ ጥገናው በኋላም ለአንዳንዶቹ ማምለጡ ለዓመታት ይቀጥላል፡፡ በተያዘለት ሰዓት መቀመጥ፣ አንዳንዴም አንጀትን በውሃ ማጠብ ያስፈልገዋል፡፡ ይህ ልጅ ከሦስት ቀዶ ጥገና ተርፎ አንደኛ ክፍል ሲገባ የሚያሸንፈው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የሽንት ቤቱ ቁልፍ፡፡

አንድ የቅርብ ምሳሌ ልስጣችሁ፡፡ የእህቴ ልጅ ሁለተኛ ክፍል እያለ ይህ ችግር ገጠመው፡፡ ትምህርት ቤቱ የግል ነው፤ ክፍያው የሚያስደነግጥ፣ ግድግዳው በካርቱን ሥዕል ያጌጠ፡፡ መጀመሪያ መምህርቷ ከመስኮቱ አጠገብ መጨረሻ ዴስክ ላይ ለብቻው አስቀመጠችው፡፡ ቀጥሎ ‹‹ወላጅ አምጣ›› ተባለ፡፡ እህቴ ሄደች፡፡ ርዕሰ መምህሩ ምን አሏት መሰላችሁ? ‹‹የኔ እመቤት፣ እኛ መምህራን እንጂ ሞግዚቶች አይደለንም፡፡ ሲሻለው ይመለስ፡፡››

ሐኪም ዘንድ ወሰደችው፡፡ ሐኪሟ ሆዱን በእጇ ጫን ጫን አድርጋ አየችና ‹‹ይህ የወራት ድርቀት ነው›› አለች፡፡ በመድኃኒት የጠጠረው ወጣለት፡፡ ከዚያ በኋላ ነው ዋናው ሥራ የጀመረው፤ የሚያለሰልስ መድኃኒት ለወራት በየቀኑ፣ ከምግብ በኋላ መቀመጥ፣ እግሩ እንዳይንጠለጠል በርጩማ ማድረግ፣ ውሃ፣ አትክልት፡፡ ሐኪሟ ‹‹ተሻለው ብላችሁ በሁለት ሳምንት እንዳታቋርጡ፤ የተለጠጠ አንጀት ወደ ቦታው ለመመለስ ጊዜ ይፈልጋል›› ብላ አስጠነቀቀች፡፡ ለትምህርት ቤቱም ደብዳቤ ጻፈች፤ በፈለገ ሰዓት ሽንት ቤት ይሂድ የሚል፡፡ ደብዳቤው ማህተም ተመቶበት ፋይል ውስጥ ገባ፡፡ ልጁ ግን ‹‹ሲደወል ትሄዳለህ›› መባሉ አልቀረለትም፡፡ እህቴ ለአንድ መንፈቅ ያህል በምሳ ሰዓቷ ከቢሮ እየወጣች፣ ቅያሪ ሱሪ በፌስታል ይዛ፣ ከዘበኛው ጋር በር ላይ ትቆም ነበር፡፡

በዓመቱ ሌላ ትምህርት ቤት አስገባችው፡፡ ሥዕል የሌለው፣ ክፍያው ግማሽ የሆነ፡፡ አዲሷ መምህርት ታሪኩን ሰምታ አንድ ነገር ብቻ አለችው፤ ‹‹የኔ ልጅ፣ ሲመጣብህ እኔን አትጠይቀኝ፤ ዝም ብለህ ሄደህ ና፡፡›› አበቃ፡፡ ስብሰባ የለም፣ በጀት የለም፣ ፕሮጀክት የለም፡፡ ያው ልጅ፣ ያው አንጀት፣ ያው መድኃኒት፡፡ የተለወጠው ፈቃዱ ብቻ ነው፡፡ ዓመቱ ሳያልቅ ፌስታሉ ከቤት መውጣት አቆመ፡፡

አሁን የተቃዋሚዎችን መልስ በየተራ ልስማ፡፡

‹‹መምህሩ ምን ያድርግ? ስልሳ ልጅ ይዞ የአንዱን ሆድ ይጠብቅ?›› የመምህሩ ሸክም ይገባኛል፤ ስልሳ ልጅ ፊት የቆመው፣ በሚያሳፍር ደመወዝ የሚያስተምረው፣ ብዙ ቦታ ለራሱም ንጹህ ሽንት ቤት የሌለው እሱ ነው፡፡ ግን ማንም ሆድ ይጠብቅ አላለውም፡፡ እንዲያውም ተቃራኒው ነው፡፡ ሳይጠይቅ ወጥቶ የሚመለስ ልጅ ሁለት ደቂቃ ይወስዳል፤ ማንም አይበጠበጥም፡፡ ተከልክሎ ክፍል ውስጥ ያመለጠው ልጅ ግን ክፍለ ጊዜውን በሙሉ ይዞት ይሄዳል፡፡

‹‹ከፈቀድን ሁሉም ይወጣል፤ ልጆቹ ይቀልዱብናል፡፡›› ይቀልዱ! ይህንን ያህል ዲሲፕሊን ከተያዘበት ትምህርት ቤት ሦስት ልጅ ግቢ ውስጥ ዞር ዞር ቢል ምን ይፈርሳል? በአንድ ሚዛን ላይ ያመለጡ አሥር ደቂቃዎች አሉ፤ በሌላው ላይ ዕድሜ ልክ የማይለቅ ቅጽል ስም፡፡ ደግሞስ ለመቀለድ ሽንት ቤታችንን የሚመርጥ ልጅ አለ? አይታችሁታል?

‹‹ይህ የቤት ሥራ ነው፤ ወላጁ ያሠልጥነው፡፡›› ልጁ ከሁለት ሰዓት ጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ያለው እናንተ ጋ ነው፡፡ ቀኑን ሙሉ ያስያዛችሁትን እናቱ ማታ ልታስለቅቀው? ደግሞ ‹‹ሲሻለው ይመለስ›› የሚባል ነገር አለ፡፡ በስንት ቀን? ሕክምናው ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል፡፡ ‹‹ሲሻለው›› ማለት ‹‹አይማር›› ማለት ነው፤ በጨዋ አማርኛ፡፡

‹‹ውሃ የለም፣ አቅም የለም፡፡›› ይህቺን በደንብ አውቃታለሁ፡፡ በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፡፡ በ2013 ሲከፈቱ ምን አየን? በየበሩ ሮቶ ተተክሎ፣ ቧንቧ ተቀጥሎለት፣ ሳሙና ተንጠልጥሎ፡፡ ከየት መጣ? ስንፈራ ይመጣል ማለት ነው፡፡ የትልቅ ሰው ሳንባ ሲያሰጋ የተገኘው ውሃ የልጅ አንጀት ሲታመም የት ገባ?

ምን ይደረግ ነው የምለው? አዲስ ሕንፃ ይሠራ አላልኩም (ቢሠራ አልጠላም)፡፡ በነገው ዕለት፣ ባለው ነገር የሚደረገውን ልዘርዝር፡፡

አንደኛ፣ የታመመው ልጅ ሳይጠይቅ ይውጣ፡፡ ማስታወቅ ካስፈለገ ትንሽ ካርድ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ መሄድ ይችላል፡፡ ሁለተኛ፣ ከቁርስና ከምሳ በኋላ አሥር ደቂቃ ይሰጠው፤ ትምህርቱ ካመለጠው ጓደኛው ያሳየው፡፡ ሦስተኛ፣ የሚገባበት ሽንት ቤት በትምህርት ሰዓት አይቆለፍ፤ ከውስጥ ግን መቀርቀሪያ ይኑረው፡፡ ቧንቧ ባይኖር ባልዲ ውሃ፣ ጆግና ሳሙና፡፡ የመምህራኑ ሽንት ቤት የተሻለ ከሆነ እዚያ ይግባ፤ ማዕረግ አይቀንስም፡፡ አራተኛ፣ ቅያሪ ሱሪና ፓንት በፌስታል ሆኖ ቢሮ ይቀመጥለት፤ ብዙ ልጅ ያለው አንድ ዩኒፎርም ብቻ መሆኑም ይታሰብ፡፡ አምስተኛ፣ በትምህርት ቤቱ ውስጥ አንድ የሚያምነው ሰው ይኑረው፡፡ መምህር ይሁን፣ ላይብረሪያን ይሁን፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ትሁን፤ ሲያመልጠው ቀጥታ ወደሷ የሚሄድ፣ ሳትጮህ የምታግዘው፡፡ ስድስተኛ፣ ምስጢሩ ይጠበቅ፤ በሰልፍ ላይ፣ በስብሰባ ላይ፣ በሌላ ወላጅ ፊት አይወራ፡፡ ሰባተኛ፣ ቅጽል ስም ያወጣበት ልጅ ዝም አይባል፡፡ ስምንተኛ፣ ኩርኩም፣ ማንበርከክ፣ ከክፍል ማስወጣት የለም፡፡ በፍርሃት የሚድን አንጀት የለም፤ የፈራ ልጅ ይበልጥ ይይዛል፤ ሲይዝ ይበልጥ ይብሳል፡፡

ወላጆችም ብትሆኑ ዝም ብላችሁ አትቀመጡ፡፡ ልጁ ፓንቱን እያቆሸሸ ከሆነ ከመግረፋችሁና ጸበል ከመውሰዳችሁ በፊት (ወይም ከጸበሉ ጋር) ሐኪም ያየው፡፡ በተለይ ሆዱ የተነፋ፣ የሚያስመልሰው፣ ሰገራው ላይ ደም ያለው፣ ክብደት የቀነሰ፣ ወይም ከተወለደ ጀምሮ ድርቀት ያልለቀቀው ልጅ ነገ ዛሬ አይባልለትም፡፡ በገዛ እጃችሁ ከፋርማሲ ማስቀመጫ እየገዛችሁ አታለማምዱት፡፡ ከሐኪሙም ደብዳቤ ተቀበሉ፤ ደብዳቤው ፋይል ውስጥ ከተኛም በወተመህ ስብሰባ ላይ ተነስታችሁ ‹‹በሩ ለምን ይቆለፋል?›› ብላችሁ ጠይቁ፡፡ የልጃችሁን ስም ማንሳት አያስፈልጋችሁም፡፡

ይህ ደግሞ የደግነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፡፡ ከ1987 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ላይ ሕፃናት በትምህርት ቤት ውስጥ አካል ከሚጎዳና ከኢሰብዓዊ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው በግልጽ ደንግጓል፡፡ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንም በአንቀጽ 28 የትምህርት ቤት ሥነ ሥርዓት የልጁን ሰብዓዊ ክብር የጠበቀ መሆን አለበት ይላል፡፡ ሰገራ ያመለጠውን ልጅ በጓደኞቹ ፊት ማቆም የትኛውን ክብር ይጠብቃል?

‹‹የኛ ማኅበረሰብ ለዚህ አልደረሰም›› የምትሉኝን ደግሞ አላምናችሁም፡፡ ደርሷል፡፡ ስለ ወር አበባ በአደባባይ ማውራት ነውር ነበር፤ ዛሬ ልጃገረዶች ሞዴስ አጥተው ከትምህርት እንዳይቀሩ ይሰበሰባል፣ ይታደላል፡፡ ታጥቦ የሚያገለግል ሞዴስ መቀሌ ላይ የምታመርተው ፍሬወይኒ መብራህቱ እ.ኤ.አ. በ2019 የሲ.ኤን.ኤን. የዓመቱ ጀግና ስትባል አብረን አጨብጭበናል፡፡ ፌስቱላ ያለባቸውን ሴቶችስ አስታውሱ፡፡ በሽታቸው ሽታ ስላለው ባል ጥሏቸው፣ ጎረቤት ሸሽቷቸው ለብቻ ጎጆ ይቀመጡ ነበር፡፡ ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ ሆስፒታል ከፈቱላቸው፤ እኛም ‹‹ጥፋቷ አይደለም፣ ሕመም ነው›› ማለትን ቀስ በቀስ ተማርን፡፡ ይኸው ዓረፍተ ነገር ነው፤ ለአንድ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ለመድገም ለምን ይከብደናል?

ለሙያ ጓደኞቼም አንድ ቃል አለኝ፡፡ እኛ ጋዜጠኞች የትምህርት ቤት ሽንት ቤት ዜና የምንሠራው ሪባን ሲቆረጥ ነው፡፡ ‹‹ዘመናዊ መጸዳጃ ቤት ተመረቀ›› እንላለን፤ እንግዶቹ ጋቢ ይለብሳሉ፤ ካሜራው ነጩን ሴራሚክ ያሳያል፡፡ በስድስተኛው ወር ተመልሶ ሄዶ በሩን የገፋ ሪፖርተር አላውቅም፡፡ እስቲ ሂዱና ግፉት፡፡ ከተከፈተ ውስጡን እዩ፤ ውሃ አለ? መቀርቀሪያ አለ? ካልተከፈተ ደግሞ ጥያቄው አንድ ነው፤ ቁልፉ ማን ጋ ነው?

በዚህ ገጽ አንባቢያን መካከል አስተማሪዎች አላችሁ፤ ቲቶሪያል የምታስጠኑ አላችሁ፤ ታናሽ ወንድምና እህት የምታሳድጉ አላችሁ፡፡ ሚኒስትር እስኪሰማን፣ በጀት እስኪጸድቅ፣ ሕንፃ እስኪቆም መጠበቅ ላይኖርብን ይችላል፡፡ ነገ ጠዋት አንድ ልጅ እጁን ሲያወጣ ‹‹ሂድ›› በሉት፡፡ ‹‹በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም›› ይላሉ አበው፤ እኔ ግን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ለምን ደበቀ ብዬ አልወቅሰውም፡፡ እንዲደብቀው ያስተማርነው እኛ ነን፡፡

ቸር እንሰንብት፡፡